በሂንዱ ቤት የማለዳ ጸሎት፦ ምን ይባላል፣ ምን ይያዛል፣ የት ላይ ይሳሳቱታል

ጸሎቱ የሚጀምረው ገና አልጋ ላይ ነው። ዓይን እንደተገለጠ፣ ስልክ ሳይነሳ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ፣ ሁለቱ መዳፎች ጎን ለጎን ተዘርግተው ይታያሉ። የሚባለውም አጭር ነው፦ «በጣቶቼ ጫፍ ላክሽሚ አለች፣ በመዳፌ መካከል ሳራስዋቲ፣ በእጄ ሥር ጎቪንዳ፤ በማለዳ እጄን አያለሁ።» ላክሽሚ ሀብት ናት፣ ሳራስዋቲ ዕውቀት፣ ጎቪንዳ ራሱ ዓለምን ጠባቂው አምላክ ቪሽኑ ነው። ሦስቱም ያሉት ቀኑን ሙሉ ሲሠራ በሚውለው በዚያው እጅ ላይ ነው። ከዚያ እግር ወለሉን ሳይረግጥ መሬት በጣት ትነካና ይቅርታ ትጠየቃለች፦ «ባሕርን የለበስሽ፣ ተራሮች ጡቶችሽ የሆኑ፣ የቪሽኑ ሚስት ሆይ፣ በእግሬ ስለምረግጥሽ ይቅር በይኝ።»

ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጸሎቱን መያዝ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር እመክራለሁ፤ ዕቃ አይጠይቅም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ከፊቱ የሚቀመጥ ምስልም አያስፈልገውም።

ይህን የምጽፈው ሕንድ ሀገር ሄዳችሁ ለምትማሩ፣ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች በሕንዶች ቤት ለምትሠሩ፣ ከሂንዱ ቤተሰብ ጋር ለተጋባችሁ፣ ወይም ልባችሁ ወደዚህ ጸሎት ለሳባችሁ ነው። «ሂንዱዎች ለምን ይጸልያሉ?» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ወይ የአማልክት ስም ዝርዝር ነው፣ ወይ ረጅም ፍልስፍና። በማለዳ ተነስቶ መብራት ለሚያበራ ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ዛሬ እዚህ የተቀመጥኩት ለምንድን ነው የሚል። ሥርዓቱ ራሱ ይህን ጥያቄ ያስመልሰዋል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ሰዓቱን በተመለከተ ለእኛ የሚቀርብ ነገር አለ። የጥንቱ የሕንድ ቀን አቆጣጠር እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ይነሳል። ቀንና ሌሊቱ በ60 ጋቲ ይከፈላል፤ አንድ ጋቲ 24 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ጋቲ አንድ ሙሁርታ፣ ማለትም 48 ደቂቃ ይሆናል። ለጸሎት የተመረጠው ብራህማ ሙሁርታ ፀሐይ ልትወጣ 96 ደቂቃ ሲቀራት ጀምሮ 48 ደቂቃ ሲቀራት ያበቃል። ፀሐይ ልክ በ12 ሰዓት የምትወጣ ከሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ24 እስከ 11 ሰዓት ከ12 ማለት ነው። ሥራ ያለው ሰው ይህን ሁልጊዜ አይችለውም። በችኮላ ከእንቅልፍ ተነስቶ ለሦስት ቀን በ10 ሰዓት ተኩል መጸለይና በአራተኛው ቀን መተው በጣም የተለመደ ውድቀት ነው። ገላን ታጥቦ ሁልጊዜ በ1 ሰዓት መቀመጥ ከዚያ ይሻላል። የማይዛነፍ ሰዓት ከተመረጠ ሰዓት ይበልጣል።

ለመጸለያ ቦታ የቤቱ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ይመረጣል፤ የሚጸልየው ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን ያዞራል። በሙምባይ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ግን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መደርደሪያ ይበቃል። ከመጸዳጃ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ እንዳይጋራ፣ ባዶ ወለል ላይ እንዳይቀመጥ፣ ሰውም እግሩን ወደ እሱ ዘርግቶ እንዳይተኛ ይጠነቀቃሉ። ሙርቲ የሚሉት ምስል ለቤት ሲሆን በልማድ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ከዚያ የሚተልቀው እንደ ቤተ መቅደስ በየቀኑ ሙሉ አገልግሎት ይፈልጋል፤ ገዝቶ አምጥቶ አገልግሎቱን ማጓደል ደግሞ ካለመግዛት የከፋ ነው። በሰው ቤት የምትሠሩ ከሆነ አቧራ ለማንሳት ብላችሁም ቢሆን ሳትጠይቁ አትንኩት። ቅር አይበላችሁ፤ የቤቱ ልጅም ቢሆን ገላውን ሳይታጠብ አይነካውም።

«ድንጋይ ነው የሚያመልኩት» ለሚል ሰው የዝሆን ራስ ያለውን አምላክ የጋኔሻን በዓል፣ ጋኔሽ ቻቱርቲን፣ ማየት ይበቃዋል። በጭቃ የተሠራው ጋኔሻ በጸሎት ይጠራል፣ ለአንድ ቀን ተኩል ወይም እስከ 10 ቀን ይስተናገዳል፣ ከዚያ በጸሎት ተሰናብቶ ወደ ውኃ ይገባና ይሟሟል። ጭቃው የእንግዳው መቀመጫ ነበር፤ እንግዳው ሲሄድ መቀመጫው ወደ መሬቱ ተመለሰ።

ፑጃ የሚባለው የቤት ጸሎት ሥርዓቱ የተያዘው ከእንግዳ አቀባበል ነው። ሙሉው 16 መስተንግዶ አለው፦ እንግዳው ይጠራል፣ መቀመጫ ይሰጠዋል፣ እግሩ ይታጠባል፣ እጁን ይታጠባል፣ የሚጎነጨው ውኃ ይቀርብለታል፣ ገላው ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ እያለ ይቀጥላል። ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ ታጥቦ ሲስተናገድ ያየ ሐበሻ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በየቀኑ 16ቱን የሚያደርስ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የዘወትሩ አምስት ናቸው፦ ሰንደል፣ አበባ፣ ዕጣን፣ መብራት፣ ምግብ። 15 ደቂቃ ይበቃቸዋል።

ሰንደሉ እንጨቱ በጥቂት ጠብታ ውኃ ድንጋይ ላይ ታሽቶ እንደ ሊጥ ሲሆን በቀለበት ጣት ይቀባል። አበባው የዚያው ቀን ይሁን፤ መሬት የወደቀ አይነሳም፣ ከመቅረቡ በፊትም አይሸተትም፤ መዓዛው የእንግዳው ድርሻ ነው። ለጋኔሻ የሚቀርበው ዱርቫ የሚሉት ሣር ነው፤ እኛ ሰርዶ የምንለው እሱ ነው፤ ለጋው ጫፍ ተቆርጦ 21 ይቆጠራል። ሺቫ ለሚባለው አምላክ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣው የቢልቫ ቅጠል፣ ለቪሽኑ የበሶብላ ዘመድ የሆነችው ቱልሲ። ቱልሲ ለጋኔሻ አይቀርብም፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ከሌለስ? ብሃጋቫድ ጊታ በሚባለው ቅዱስ መጽሐፍ 9ኛ ምዕራፍ ቁጥር 26 ላይ አምላኩ ክሪሽና መልሱን ይሰጣል፦ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ ወይም ውኃ በፍቅር የሚያቀርብልኝ ሰው እቀበለዋለሁ ይላል። አንድ ኩባያ ንጹሕ ውኃ ይበቃል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የዕቃው ብዛት አስፈርቶት ጸሎቱን ሳይጀምር ይቀራል፤ ያሳዝነኛል።

መብራቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዲያ የምትባለው ትንሽ የነሐስ ወይም የሸክላ ኩባያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ንጥር ቅቤ ወይም የሰሊጥ ዘይት ትይዛለች። ቅቤው ቅመም ያልነካው መሆን አለበት፤ እኛ ቤት ያለው ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት አይሆንም፣ የቅመሙ ዝቃጭ ክሩ ላይ ይከስልና ያጨሳል። ክሩ በመዳፍ የተፈተለ ጥጥ ነው። ከመለኮሱ በፊት ቀልጦ በተዘጋጀው ቅቤ ውስጥ እስከ ጫፉ ይነከራል፤ በደረቁ የተለኮሰ ክር ራሱ ይነዳል እንጂ ቅቤውን አይስብም። ከኩባያው አፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ብቅ ይበል፤ ከረዘመ ጥላሸቱ ግድግዳውን ያጠቁራል። ነበልባሉ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን ይዞራል፣ ወደ ደቡብ አይዞርም፤ ደቡብ የሞት ጌታ የያማ አቅጣጫ ነው። መብራቱ መሃል ላይ ሲጠፋ ክፉ ምልክት ነው ብለው የሚደነግጡ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የጣሪያው ማራገቢያ ነው፤ ከመጀመራችሁ በፊት አጥፉት። እንደገና ለኩሱና ቀጥሉ። መብራቱን ማጥፋት ካስፈለገ በአፍ እፍ አይባልም፤ ትንፋሽ ምራቅ ስላለበት ያረክሰዋል ይባላል። በአበባ ግንድ ክሩን ወደ ቅቤው ማስጠም ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መብራቱ ከበራ በኋላ፣ ከመስተንግዶው በፊት፣ ሳንካልፓ ይደረጋል፤ ሐሳብን ቆርጦ መናገር ማለት ነው። በቀኝ መዳፍ ጥቂት ውኃ፣ አንድ አበባና አክሻታ ይያዛል። አክሻታ በእርድ ቢጫ የተደረገ ሩዝ ነው፤ ስሙ «ያልተሰበረ» ማለት ስለሆነ ፍሬው ሙሉ መሆን አለበት፤ ተለቅሞ ስብርባሪው ይወጣል። ከዚያ ሰውየው ያለበትን ይናገራል። ከሩቁ ይነሳል፦ በዚህ የካሊ ዘመን፣ በብሃራታ (በሕንድ) ምድር፣ በዚህ ወንዝ አጠገብ፣ በዚህ ከተማ። ወደ ቅርቡ ይመጣል፦ በዚህ የጨረቃ ወር፣ ጨረቃዋ በምትሞላበት ወይም በምትጎድልበት በዚህ የወር እኩሌታ፣ በዚህ ዕለት። ከዚያ ወደ ራሱ፦ እኔ፣ የዚህ ጎትራ ልጅ፣ እከሌ። ጎትራ የዘር ሐረጉ የሚመዘዝበት የጥንት ጠቢብ ስም ነው። የመጨረሻው ሐረግ ዓላማው ነው። የዘወትሩ «የተጠራቀመ በደሌ ሁሉ እንዲጠፋና ጌታዬ ደስ እንዲለው» የሚል ነው፤ የተለየ ጉዳይ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይጨምረዋል። ተናግሮ ሲጨርስ ውኃው ከነአበባው ሳህን ላይ ይፈስሳል። ቃሉ ወጥቷል፤ ከዚህ በኋላ ሥርዓቱን ሳይጨርሱ መነሳት የለም።

የሂንዱ ጸሎት የግል ትርጉም የሚገኘው በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ማለቂያ ከሌለው ዘመን ተነስቶ፣ ጠብቦ ጠብቦ፣ በአንድ ማለዳ አንድ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ስም ያለው ሰው ጋ ይደርሳል። ለዚህም ነው የደበዘዘ ሳንካልፓ ጸሎቱን የሚያደክመው። «ሁሉ ነገር ይሳካልኝ» ያለ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ምን እንዳለ ራሱም አያስታውስም። «ልጄ የ10ኛ ክፍል ፈተናዋን በተረጋጋ ልብ እንድትሠራ» ያለች እናት ግን እያንዳንዱን አበባ ስታኖር የምታኖርበት ምክንያት በእጇ አለ። ዕለቱን የምታገኙት ፓንቻንግ ከተባለው የጨረቃ ቀን መቁጠሪያ ነው። ቲቲ የሚባለው የጨረቃ ቀን በማንኛውም ሰዓት ሊለወጥ ይችላል፤ በአብዛኛው የሚያዘው ፀሐይ ስትወጣ ያለው ነው። ጎትራውን የማያውቅ ሰው በልማድ «ካሽያፓ» ይላል፤ ካሽያፓ የፍጥረት ሁሉ አባት ተደርጎ ይቆጠራልና። የጸሎቱን ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪትን የማይችል በራሱ ቋንቋ ይናገር፤ ሳያውቁት ከሚነበነብ ሳንስክሪት ተረድተውት የሚናገሩት ይሻላል።

ለራስ መለመን ያሳፍራል ወይ? በጊታ 7ኛ ምዕራፍ ቁጥር 16 ላይ ወደ አምላክ የሚመጡ አራት ዓይነት ሰዎች ተዘርዝረዋል፦ የተጨነቀ፣ ማወቅ የሚፈልግ፣ ሀብት የሚሻ፣ ያወቀ። ያወቀው ለክሪሽና ከሁሉ የቀረበ ነው፤ ሆኖም ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ አራቱንም የተከበሩ ይላቸዋል። ታሞ ወይም ተቸግሮ የመጣ ሰው በሩ ላይ አይገፋም።

ከምስሉ ፊት ስትቆሙ ዓይናችሁን አትጨፍኑ። በጸሎት ጊዜ ዓይን መክደን ለለመደ ሰው ይህ ይከብዳል። ዳርሻን ማለት ማየት ነው፤ አምላኩን ማየትና በእሱ መታየት አንድ ላይ ነው የሚታሰበው። የሙርቲው ዓይን ሰፋ ተደርጎ የሚሠራውም ለዚህ ነው። አርቲ በሚባለው መብራት የማዞር ሥርዓት ጊዜ መብራቱ ወይም ካፉሩ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ በብዙ ቤት 4 ጊዜ በእግሩ፣ 2 ጊዜ በእምብርቱ፣ 1 ጊዜ በፊቱ፣ 7 ጊዜ በመላ አካሉ ፊት፣ በድምሩ 14። በግራ እጅ ቃጭል ይመታል። ብርሃኑ ከእግር እስከ ፊት የሚወጣው ዓይን አብሮት እንዲሄድ ነው። ካፉር የሚመረጥበት ምክንያት ነዶ ሲያበቃ አመድ ስለማይተው ነው፤ የጸላዩ «እኔነት» እንዲህ ይለቅ ማለት ነው። ሲያልቅ ሁሉም መዳፉን ነበልባሉ ላይ አሳልፎ ወደ ዓይኑና ወደ ራሱ ይወስዳል።

ከዚያ ጃፓ፣ የአምላክን ስም መደጋገም። ማላ የሚባለው መቁጠሪያ 108 ፍሬ አለው፤ ሜሩ የሚባል አንድ ተጨማሪ ፍሬ መገናኛው ላይ ይቀመጣል። ሩድራክሻ የሚባለው የዛፍ ፍሬ ለሺቫ፣ የቱልሲ እንጨት ለቪሽኑ። ማላው በቀኝ እጅ መካከለኛ ጣት ላይ ተንጠልጥሎ በአውራ ጣት ወደ ራስ ይሳባል። አመልካች ጣት አይነካውም፤ ሰው ላይ የሚቀሰር የኩራት ጣት ነው ይላሉ። ሜሩ ላይ ሲደረስ አይታለፍም፤ ማላው ይገለበጥና በመጣበት ይመለሳል። 108 ተቆጥሮ እንደ 100 የሚያስቡት ብዙ ናቸው፤ ስምንቱ ሐሳብ ለባከነባቸው ማካካሻ ነው። «ኦም ናማህ ሺቫያ» ተረጋግቶ ሲባል አንዱ ዙር 10 ደቂቃ አይሞላም። ጮክ ብሎ፣ በከንፈር ብቻ፣ ወይም በልብ ማለት ይቻላል፤ የልቡ ከሁሉ ከፍ ይላል ይባላል። ጀማሪ ግን በልቡ ሲጀምር እንቅልፍ ይወስደዋል። ማንጎላጀት ሲመጣ ወደ ከንፈር፣ ካልሆነም ወደ ድምፅ መመለስ ነው መድኃኒቱ። ሐሳብ ሲሸሽ ራስን መውቀስ ደግሞ ሌላ መባከን ነው። ጊታ 6ኛ ምዕራፍ ቁጥር 26 ያለው ቀላል ነው፦ በሄደበት ሁሉ ሄዶ መመለስ።

ጋያትሪ የሚባለው ጸሎት ከጥንቱ የመዝሙር መጽሐፍ ከሪግ ቬዳ፣ 3ኛ መጽሐፍ፣ 62ኛ መዝሙር፣ 10ኛ ቁጥር የተወሰደ ነው፤ በራእይ ያየው ጠቢብ ቪሽቫሚትራ ይባላል። «የሳቪታርን ውብ ብርሃን እናስተውላለን፤ እርሱ አእምሯችንን ያነሳሳ» ይላል፤ ሳቪታር የፀሐይ አምላክ ነው። የሚለምነው እህል አይደለም፣ ልጅም አይደለም፤ ጥርት ያለ አስተውሎ ነው። 24 ቀለም አለው፣ ስምንት ስምንት ሆኖ በሦስት ስንኝ። የመጀመሪያው ስንኝ «ታት ሳቪቱር ቫሬንያም» ሲባል ሰባት ብቻ ይመጣል፤ «ቫሬኒያም» ሲባል ነው ስምንቱ የሚሞላው። ቀድሞ የሚሰጠው የቅዱስ ክር ማጥለቂያ ሥርዓት ለተፈጸመላቸው ወንዶች ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሴቶችም ይሉታል።

ምግቡን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ነገር አለ፤ አይቀመስም። ጨው ልክ መሆኑን ለማየት እንኳ። አፍ የነካው ትርፍራፊ ነው፣ ለእንግዳ ትርፍራፊ አይቀርብም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በአብዛኛው አይገባበትም። ሙዝ፣ ኮኮናት ወይም አንድ ማንኪያ ስኳር ለየቀኑ ይበቃል። ለበዓል ፓንቻምሪታ ይዘጋጃል፦ 4 የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ 2 እርጎ፣ 1 ስኳር፣ 1 ማር፣ ግማሽ ንጥር ቅቤ። ማርና ቅቤ እኩል አይሁኑ፤ የሕንዱ ባህላዊ ሕክምና አዩርቬዳ እኩል ሲሆኑ ይጎዳሉ ይላል። በመዳብ ዕቃ አታዋህዱት፤ የእርጎው ኮምጣጣነት መዳቡን ያሟሟና የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ሆድም ይረብሻል። ምግቡ ፊቱ ጥቂት ከቆየ በኋላ ፕራሳድ ይባላል፣ ጸጋ እንደማለት ነው። በቀኝ እጅ ይቀበሉታል፤ ግራው ከሥር ይደግፈዋል። ለእናንተም ከተሰጣችሁና ሃይማኖታችሁ ካልፈቀደላችሁ በአክብሮት ተናገሩ እንጂ ተቀብላችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስቀይማቸው የለም።

ስለትም አላቸው፤ ማናት ይሉታል፣ አኳኋኑም እኛ ከምናውቀው ብዙ አይርቅም። አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ ወደ ቲሩማላ ተራራ የሚወጡ ምእመናን ስለታቸው ሲሰምር ፀጉራቸውን ይላጫሉ፤ ወንዱም ሴቱም። ስለት የሚበላሸው ከአቅም በላይ ሲሳል ነው። በጭንቀት ሰዓት የማይችሉትን ተስለው ኋላ ላይ ከአምላክ የሚደበቁ ሰዎች አሉ፤ መብራቱን ማብራት ራሱ ይተዋሉ፣ ማየት ያፍራሉና። ትንሽ ተሳሉ። ከከበደም በሳንካልፓ ተናገሩትና በምትችሉት ለውጡት፤ ጸሎት ከማቋረጥ ይሻላል።

ቤተሰብ ውስጥ ልደት ወይም ሞት ሲኖር ሱታክ የሚባለው የመርከስ ጊዜ ይገባል፤ በብዙ ቤት ከ10 እስከ 13 ቀን መብራትም ሙርቲም አይነካም። በብዙ ቤት ሴቶች በወር አበባ ጊዜም ሙርቲ አይነኩም፤ ይህን የተዉ ቤተሰቦችም አሉ። በልብ የሚባለውን ስም ግን ምንም አያግደውም።

ሲያበቃ ይቅርታ ይጠየቃል፦ «መጥራት አላውቅም፣ መሸኘት አላውቅም፣ ማምለክም አላውቅም፤ ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ።» ይህን የሚለው 40 ዓመት ያገለገለ ካህንም፣ ዛሬ የጀመረውም ነው። ሥርዓቱ ስህተት እንደሚኖር ቀድሞ አስቦበታል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተል ተምታቶብኝ ይሆን ብላችሁ ቀኑን ሙሉ አትጨነቁ። ከዚያ «ሻንቲ» ሦስት ጊዜ ይባላል፤ አንዱ ከራስ ለሚመጣ መከራ፣ አንዱ ከሌሎች ፍጥረታት፣ አንዱ ከላይ ለሚመጣው።

የትናንቱ አበባ ኒርማልያ ይባላል፤ ጠዋት መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ከቤት ጥራጊ ጋር አይቀላቀልም። በወረቀት ይሰበሰብና ዛፍ ሥር ወይም የቱልሲዋ ማሰሮ ውስጥ አፈር ይለብሳል፤ ወንዝ ውስጥ መጣል የቀድሞ ልማድ ነበር፣ የጋንጋን (የጋንጀስን) ወንዝ ላየ ሰው ግን አፈሩ ይሻላል። ክርና ፕላስቲክ ካለበት አስቀድማችሁ ለዩት።